ከአማቴ ጎን ያለው አውሬ

[ኢምፔሪያል አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ያለች ጠባብ የጥልፍ ሱቅ። ግድግዳው ላይ ሰውና የዱር እንስሳ ጎን ለጎን የተጠለፈባቸው ጨርቆች ተሰቅለዋል። ባለሱቋ ገንዘቤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቆማለች። የሚኒባስ ሹፌሩ ሙስአብ ያዘዘውን ጥልፍ ሊወስድ መጥቶ ጨርቁን በሁለት እጁ ዘርግቶታል። ጨርቁ ላይ ሻሽ ያሰሩ ትልቅ ሴትዮ ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው አንድ አውሬ አለ።]

ሙስአብ፦ ቀበሮ ነው።

ገንዘቤ፦ ቀይ ቀበሮ ነው።

ሙስአብ፦ ቀለሙን ማን ጠየቀሽ?

ገንዘቤ፦ ልዩነት አለዋ። ተራ ቀበሮ በየአገሩ ሞልቷል። ቀይ ቀበሮ ግን ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። ብርቅዬ ነው።

ሙስአብ፦ እና ከአማቴ ጎን ብርቅዬ አጭበርባሪ አስቀመጥሽልኝ።

ገንዘቤ፦ ማን ነው አጭበርባሪ ነው ያለህ?

ሙስአብ፦ ተረት ሳትሰሚ ነው እንዴ ያደግሽው? በየትኛው ተረት ነው ቀበሮ ጨዋ ሆና የሰማሽው?

ገንዘቤ፦ ተረቱን እርሳው፣ ይሄ አርት ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ ካለው ሆቴል አንዲት የሆላንድ ሴት መጥታ ነበር። እናቷን ከቀይ ቀበሮ ጋር ጠለፍኩላት። እዚችው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ በደስታ አለቀሰች።

ሙስአብ፦ እናትየዋ አማርኛ ይችላሉ?

ገንዘቤ፦ የሆላንድ ሰው ናቸው እኮ፣ ከየት ያመጡታል?

ሙስአብ፦ የእኔ አማት ግን ይችላሉ። የወሎ አማርኛ። አንድ ቃል ከሰጠሻቸው ሰባት አድርገው ነው የሚመልሱልሽ።

ገንዘቤ፦ ስማ ወንድሜ፣ እኔ ደንበኛ አላስመርጥም። ፎቶውን አያለሁ፣ ፊቱ ራሱ እንስሳውን ይነግረኛል። ጌታ የሰጠኝ ጸጋ ነው። የሰው ፊት ለእኔ እንደ ታፔላ ነው፤ አነበዋለሁ።

ሙስአብ፦ ታፔላ እኔም አነባለሁ። ገርጂ የሚል ታፔላ ሰቅሎ ጎሮ የሚሄድ ስንት አለ መሰለሽ።

ገንዘቤ፦ እኔ ዘንድ እንደዚያ የለም። እኚህን ሴትዮ ተመልከታቸው። አገጫቸው ጠንካራ ነው፣ ውስጣቸው ግን ርኅሩኅ። የሴት ልጅ እናት መሆናቸው ያስታውቃል። የባለቤትህን ፎቶ አሳይተኸኝ የለ? አገጩ ቁርጥ የእሷ ነው። ዓይናቸው ላይ ደግሞ እንባ አለ። ልጃቸውን ሲድሩ አይደል የተነሱት?

ሙስአብ፦ አዎ፣ የሰርጋችን ዕለት ነው።

ገንዘቤ፦ አየህ? ማንም ሳይነግረኝ። ለመሆኑ እሳቸውን አልመሰሉም?

ሙስአብ፦ [ከአንገት በታች እያየ] ቀሚሱ ቁርጥ እሳቸው ነው።

ገንዘቤ፦ ፊቱን ነው ያልኩህ።

ሙስአብ፦ ሻሹም ጥሩ ነው። ጣጣው ቀበሮው ነው።

ገንዘቤ፦ ምን አደረገህ ይሄ ሚስኪን ቀበሮ? ሌላው ሰው እኮ ወስዶ ሳሎኑ ውስጥ ይሰቅለዋል።

ሙስአብ፦ ሌላው ሰው አማቱን ጅብ ብሎ አልሰደበም።

[ገንዘቤ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ ታወርዳለች።]

ገንዘቤ፦ ምን ብለህ?

ሙስአብ፦ እኔ አልሰደብኩም። ተረቱ ነው የሰደበው።

ገንዘቤ፦ ቁጭ በል። ቁጭ በልና ከመጀመሪያው ንገረኝ።

ሙስአብ፦ ዒዱ ካለፈ በኋላ ነው። አማቴ ቤታችን መጡ። እትዬ ዘሃራ ይባላሉ፣ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖሩት። ለምን ታመሻለህ፣ ለምን ልጄን ብቻዋን ትተዋለህ እያሉ ወረዱብኝ። እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ ዝም። ሲበቃቸው ወጡ፣ በሩ ተዘጋ፣ ደረጃውን ወረዱ። ከዚያ በኋላ ነው እኔ መናገር የጀመርኩት። ሀጀር፣ ሚስቴ፣ "አሁን ነው አፍህ የተፈታው?" አለችኝ። እኔ ደግሞ በራሴ ላይ ስቀልድ "ምን ላድርግ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አልኳት።

ገንዘቤ፦ ራስህን ውሻ ማለትህ ነው እንጂ።

ሙስአብ፦ እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። እሷ ግን ውሻው ላይ አልቆመችም። "ጅቡስ ማነው?" አለችኝ።

ገንዘቤ፦ ወይኔ።

ሙስአብ፦ ሻንጣዋን ይዛ እናቷ ቤት ገባች። በዚህ በኩል ስደውል አታነሳም፣ በዚያ በኩል በሰው ስልክ ደውላ ትሰድበኛለች። ዛሬ በስንት ልመና ሽማግሌ ልኬያለሁ። ከዐስር ሶላት በኋላ እትዬ ዘሃራ ቤት ይሰበሰባሉ። እኔም ይቅርታዬን ይዤ እገባለሁ። ሳንጣላ በፊት ሀጀር የአንቺን ሥራ ስልኳ ላይ አይታ "እማዬን እንዲህ ባስጠለፍንላት" ብላኝ ስለነበር፣ በዚህ ልቧ ይራራል ብዬ ነው ያዘዝኩት። አሁን አስቢው። አማቱን ጅብ ብሎ የሰደበ ሰው ቀበሮ ይዞ ሲመጣ ምን ይባላል?

ገንዘቤ፦ ቅናሽ አደረገ ይባላል።

ሙስአብ፦ እኔ የምቀልድበት አንጀት የለኝም። ዛሬ ካልመጣች በቃ አትመጣም። ማታ ስገባ መብራቱን አበራና ቆሜ እቀራለሁ። ቤቱ ያስፈራኛል ገንዘቤ። ወላሂ፣ ማታ ቤት መግባት ፈርቼ ሌሊቱን ተራ ጠብቄ ስሠራ ያደርኩበት ቀን አለ።

[ገንዘቤ ጨርቁን ከእጁ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋዋለች።]

ገንዘቤ፦ እሺ። እንስሳውን እንቀይረዋለን።

ሙስአብ፦ ተርትሪውና ብቻቸውን ይቅሩ።

ገንዘቤ፦ አይተረተርም። ጥቅጥቅ አድርጌ ነው የሞላሁት። ክሩ ከወጣ ጨርቁ ወንፊት ይሆናል። አማትህን ከወንፊት ጎን ታስቀምጣቸዋለህ?

ሙስአብ፦ ወንፊት ተረት አለው?

ገንዘቤ፦ ሳይኖረው አይቀርም። ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ነው፤ ላዩ ላይ እየደረብኩ ቀበሮውን ወደ ሌላ እንስሳ መለወጥ። ወፍራሙን ክር ካመጣሁና ሰፋ ሰፋ አድርጌ ከሄድኩ እስከ ዐስር ይደርሳል። ምን ይሁን?

ሙስአብ፦ በግ።

ገንዘቤ፦ በግ ማለት ጅል ማለት ነው።

ሙስአብ፦ ሰላማዊ ነው ብዬ እኮ ነው።

ገንዘቤ፦ ደግሞ ለእርቅ የሚሄድ ሰው እውነተኛውን በግ እየጎተተ ነው የሚሄደው። አንተ የተጠለፈውን ይዘህ ስትገባ እውነተኛውን በልተኸው የመጣህ ነው የሚመስለው።

ሙስአብ፦ ይሄስ እውነት ነው።

ገንዘቤ፦ ጭላዳ ላድርገው? ደረቱ ቀይ፣ ጠጉሩ ግርማ ያለው።

ሙስአብ፦ ዝንጀሮውን? "መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ" ሲባል አልሰማሽም? አማቴ ወገባቸውን ያማቸዋል፤ የትም ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት መቀመጫ ነው። ተረቱ ለእሳቸው የወጣ ነው የሚመስላቸው።

ገንዘቤ፦ ድመት?

ሙስአብ፦ ዑምራ ደርሰው የተመለሱት ዘንድሮ ነው። "ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ" ልንላቸው ነው?

ገንዘቤ፦ ዝሆን።

ሙስአብ፦ የክብደታቸውን ነገር እሳቸው ካላነሱት እኛ አናነሳውም።

ገንዘቤ፦ አንተ ሰውዬ፣ አገሪቱ ውስጥ ሳይሰደብ የቀረ እንስሳ አለ?

ሙስአብ፦ እኔ አልሰደብኳቸውም። የጥንት ሰዎች ሰድበዋቸው ጨርሰው ነው እኔ የደረስኩት።

ገንዘቤ፦ በቃ፣ አንበሳ። በአንበሳ የሚከፋ ሰው አይቼ አላውቅም። ክብር ነው፣ ግርማ ነው፣ ጀግንነት ነው።

ሙስአብ፦ [ያስባል] አንበሳ ጥሩ ነው። አንበሳ ይሁን።

[ገንዘቤ ወርቃማ ወፍራም ክር ታመጣና ተቀምጣ ትሰፋለች። ሙስአብ በላይዋ አጎንብሶ ያያል።]

ገንዘቤ፦ ብርሃን አትከልክለኝ። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ሲሉ ሰምተህ ይሆናል፤ ድር ሲያብር አንበሳ ሲሠራ ግን እዚህ ነው የምታየው። ጎፈሩን አየኸው? ቀበሮው አሁን የት አለ?

ሙስአብ፦ ፊቱ ላይ አለ። ቀበሮ ዊግ አድርጎ ነው የሚመስለው።

ገንዘቤ፦ ሩቅ ሆነህ እየው። አርት ከሩቅ ነው የሚታየው።

[ሙስአብ ወደ በሩ ይሄዳል። ዞሮ ያያል። ፊቱ ይለዋወጣል።]

ሙስአብ፦ ገንዘቤ፣ ጎፈር ያለው አንበሳ ወንዱ ነው አይደል?

ገንዘቤ፦ ወንዱ ነዋ።

ሙስአብ፦ አማቴ እኮ ባላቸው ሞቶባቸዋል።

ገንዘቤ፦ ነፍስ ይማር። እና?

ሙስአብ፦ እና ባል ከሞተባቸው ሴትዮ ጎን ጎፈሩን የነሰነሰ ወንድ አስቀመጥሽ። ሽማግሌዎቹ መሀል ጨርቁን ስዘረጋው "ይሄ ማነው?" ቢባል ምን ልበል?

ገንዘቤ፦ አንበሳ ነው በላ።

ሙስአብ፦ አንበሳ መሆኑን ያዩታል። ከየት መጣ ነው የሚሉት። በዚያ ላይ ሲያያቸው እይው፣ ዓይኑ ልክ አይደለም።

ገንዘቤ፦ ዓይኑ የቀበሮው ዓይን ነው፤ አልነካሁትም።

ሙስአብ፦ ባሰ። ቀንድ አብቅይለት። ዋልያ ይሁን።

ገንዘቤ፦ አሁን ጥሩ ሐሳብ አመጣህ። ዋልያም ብርቅዬ ነው። ገደል ለገደል የሚሄድ፣ የማይደረስበት። ጎፈሩም ወደ ታች ሲወርድ ጢም ይሆናል።

[ትሰፋለች። ሁለት የተቆለመሙ ትልልቅ ቀንዶች ይወጣሉ። ሁለቱም ጨርቁን ያያሉ።]

ሙስአብ፦ ንገሪኝ፣ ምንድነው?

ገንዘቤ፦ ዋልያ።

ሙስአብ፦ ወደ እኔ እያየሽ ንገሪኝ።

ገንዘቤ፦ [ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ] በኢየሱስ ስም።

ሙስአብ፦ አዑዙ ቢላህ። እኔና አንቺ በሁለት ሃይማኖት ያየነው አንድ ነገር ነው። ቀንድ አለው፣ ጢም አለው፣ ፊቱ ቀልቃላ፣ ቀለሙ እሳት። ሴትዮዋን ከሰይጣን ጎን አስቀመጥናቸው።

ገንዘቤ፦ አትረበሽ። ባለሙያ አይረበሽም። ቀንዱን በግራጫ ሸፍኜ ወደ ጆሮ እለውጠዋለሁ። ረጅም ጆሮ፣ የዋህ ፊት። አህያ።

ሙስአብ፦ "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።"

ገንዘቤ፦ እሱ የአህያ ተረት ነው።

ሙስአብ፦ መጨረሻው ላይ ማን አለ?

ገንዘቤ፦ ጅብ።

ሙስአብ፦ እኔ በየት በኩል ልዙርበት ይሄን ጅብ? የገባሁበት ሁሉ ቀድሞኝ ቆሞ ይጠብቀኛል።

ገንዘቤ፦ ቢሆንም ከሰይጣን አህያ ይሻላል። እጅህን አንሳ፣ ልስፋ።

[እየተጣደፈች ትሰፋለች። አንደኛው ቀንድ ጆሮ ይሆናል፤ ሁለተኛው ላይ ግራጫው ክር ያልቅባትና ግማሹ ቀንድ፣ ግማሹ ጆሮ ሆኖ ይቀራል። የሙስአብ ስልክ መልእክት መምጣቱን ያሰማል። ያነበዋል።]

ሙስአብ፦ ሀጀር ናት። "ሽማግሌዎቹ ገብተው ተቀምጠዋል፣ አንተ የት ነህ?" ትላለች። በጊዜ መጥተዋል። አለቀልኝ።

ገንዘቤ፦ ስልኩን አምጣው።

ሙስአብ፦ ምን ልታደርጊው?

ገንዘቤ፦ [ስልኩን ከእጁ ነጥቃ ጨርቁን ፎቶ እያነሳች] የሰው ዓይን ያልለመደውን ነገር ድንገት ሲያይ ይደነግጣል፤ አስቀድሞ ሲያየው ግን ይለማመደዋል። ይሄ የኤግዚቢሽን ሕግ ነው። "እየመጣሁ ነው፣ ለእናትሽ ያዘጋጀሁት ስጦታ ይኸው" ብዬ ላክሁላት።

ሙስአብ፦ ላክሽው?

ገንዘቤ፦ ላክሁት።

ሙስአብ፦ አጥፊው። አሁኑኑ አጥፊው።

ገንዘቤ፦ አይታዋለች። ምልክቱ መጥቷል።

[ሙስአብ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይይዛል። ገንዘቤ ክር የምትጠቀልል ትመስላለች፤ የጠቀለለችውን መልሳ ትፈታለች። ስልኩ ይጠራል።]

ገንዘቤ፦ አንሳዋ።

ሙስአብ፦ [እያመነታ ያነሳል] ሄሎ። ወዓለይኩም ሰላም። ... አዎ፣ እኔ ነኝ የላኩት። ... እናትሽ ናቸዋ። ... እንዴት ማን ናቸው? እናትሽ ናቸው እያልኩሽ። ... አይደሉም?

[የገንዘቤ መርፌ ከእጇ ይወድቃል። ሙስአብ ስልኩን በመዳፉ ያፍናል።]

ሙስአብ፦ እናቷ አይደሉም አለች።

ገንዘቤ፦ አውሬው?

ሙስአብ፦ አውሬውን ምን ታድርገው፣ ሴትዮዋ። ጥልፉ ላይ የተቀመጡት ሴትዮ እናቷ አይደሉም።

ገንዘቤ፦ ፎቶውን ያመጣኸው አንተ ነህ።

ሙስአብ፦ እኔ ነኝ።

ገንዘቤ፦ አማትህን አታውቃቸውም?

ሙስአብ፦ እንዴት አላውቃቸውም? ጫማቸውን መስጊድ በር ላይ ከተኮለኮለ ጫማ መሀል ለይቼ አወጣልሻለሁ።

ገንዘቤ፦ ፊታቸውንስ?

ሙስአብ፦ የአማት ፊት ይታያል እንዴ? አባቴ ሲድረኝ የመከረኝ አንድ ነገር ቢኖር "አማትህ ፊት ቀና እንዳትል" የሚለውን ነው። እሳቸው ሲገቡ አቀረቅራለሁ፣ ሲወጡ ቀና እላለሁ። ሦስት ዓመት እንዲሁ ነው የኖርነው።

ገንዘቤ፦ ታዲያ ፎቶውን በምን ለየኸው?

ሙስአብ፦ የሰርጉ ዕለት የሀጀር ወገን ሴቶች በሙሉ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቀሚስ ነው ያሰፉት። አልበሙን ስገልጥ አንዷ ያለቅሳሉ። የሙሽራ እናት ናት የምታለቅሰው ብዬ እሳቸውን አወጣሁ።

ገንዘቤ፦ በለቅሶ ነው የመረጥካቸው?

ሙስአብ፦ እሺ፣ እኔስ አቀርቅሬ ነው። አንቺ ግን ይሄን ፊት በመርፌ ስትዳብሺው ነው የከረምሽው። አገጩ ቁርጥ ሀጀር ነው ያልሽኝ ማን ነበር?

ገንዘቤ፦ [መነጽሯን አውልቃ ትወለውላለች] የዚህ ምድር ቤት መብራት ጥሩ አይደለም።

[ከስልኩ ድምፅ ይሰማል። ሙስአብ ጆሮው ላይ ያደርገዋል። ወዲያው ብድግ ይላል፤ አንገቱን ሰብሮ ወለሉን እያየ ያወራል።]

ሙስአብ፦ እማማ። አሰላሙ ዓለይኩም እማማ።

ገንዘቤ፦ በስልክ ነው እኮ፣ አያዩህም።

ሙስአብ፦ [በእጁ ዝም በይ ይላታል] ... አዎ እማማ። ... በአላህ፣ አላወቅሁም እማማ። ... ማን? ... የትኛዋ ፈቲያ? ... የኮሚናሏ? [ስልኩን ያፍናል] ገንዘቤ፣ እትዬ ፈቲያ ናቸው።

ገንዘቤ፦ ፈቲያ ማናቸው?

ሙስአብ፦ የአማቴ የታች ቤት ጎረቤት። ሰርጋችን ላይ ገና ወዳጅ ነበሩ። የግቢውን የጋራ ቤት፣ የኮሚናሉን ቁልፍ ይዘው አማቴን ለዒድ በግ ማረጃ የከለከሏቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ደረጃ ላይ ሲገናኙ አንዷ ተመልሳ ነው ሌላዋ የምታልፈው።

ገንዘቤ፦ ጠላታቸውን ነው የጠለፍኩት?

ሙስአብ፦ አሳምረሽ።

ገንዘቤ፦ ጠላታቸውን አሳምረን፣ ሽማግሌ በተቀመጠበት፣ ለእናትሽ ስጦታ ብለን ላክን።

ሙስአብ፦ "ላክን" አትበይ። ላክሽ በይ። [ስልኩን ያዳምጣል] ድምፅ ይሰማኛል። እያለቀሱ ነው መሰለኝ።

ገንዘቤ፦ እኔን።

ሙስአብ፦ ቆይ። ... አይ። ... እየሳቁ ናቸው።

ገንዘቤ፦ ምን?

ሙስአብ፦ ይስቃሉ። ሲስቁ ሰምቻቸው ስለማላውቅ ነው ያልለየሁት። ... አቤት እማማ። ... [ለገንዘቤ] አውሬውን አወቅሁት ይላሉ። "ፈቲያ ውስጧ ምን እንዳለ ለጎረቤቱ ሁሉ ሳስረዳ ማንም አልገባው ብሎ ነበር፣ ልጄ ሙስአብ በሥዕል አወጣው" ይላሉ። ጎፈሩ ቁጣዋ ነው ይላሉ። ረጅሙ ጆሮ የሰው ቤት ማዳመጧ ነው ይላሉ። ... እሺ እማማ። ... ያ ግማሽ ቀንድማ ኮሚናሉን የዘጋችብኝ ዕለት የበቀለው ነው ይላሉ።

ገንዘቤ፦ ግራጫው ክር አልቆብኝ ነው።

ሙስአብ፦ እሱን ለምን እንነግራቸዋለን? ... [ያዳምጣል] ሽማግሌዎቹም አይተውት ስቀዋል። አንደኛው ከሳቁ የተነሳ ውሃ አምጡልኝ ብሏል። ... ሀጀር ልብሷን ሻንጣ ውስጥ እየከተተች ነው። ... [ድምፁ ይሰበራል] እሺ እማማ። እሺ።

ገንዘቤ፦ አሁን ደግሞ አንተ ለምን ታለቅሳለህ?

ሙስአብ፦ ልጄ አሉኝ እኮ። እስከ ዛሬ "ሰውዬው" ነበር የሚሉኝ። ዛሬ ስትመጣ ቀና ብለህ ግባ ይሉኛል። "ሦስት ዓመት ያየሁት አናትህን ነው፤ ጠጉርህ ሲሳሳ እንኳ ከሚስትህ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ። በል አሁን ፊትህን አሳየኝ" ይላሉ።

[ሙስአብ በእጅጌው ዓይኑን ይጠርጋል። ገንዘቤ ቀስ በቀስ ወገቧን ታቀናለች። መነጽሯን መልሳ ታደርጋለች።]

ገንዘቤ፦ ያልኩህ ይሄንኑ ነው።

ሙስአብ፦ ምን ያልሽኝን?

ገንዘቤ፦ ፊት አነባለሁ ብዬህ የለ? እኔ የዚህችን ሴትዮ ፊት ገና ሳይ አንድ ነገር ቅር ብሎኛል። እጄ ዝም ብሎ የሄደ እንዳይመስልህ። መጀመሪያ ቀበሮ፣ ከዚያ ጎፈር፣ ከዚያ ቀንድ፤ ፊቷ ራሱ ነው እየመራ እዚያ ያደረሰኝ። አንተ ዋልያ፣ አህያ እያልክ ባታቋርጠኝ ቶሎ እደርስ ነበር።

ሙስአብ፦ ለካ እንደዚያ ነው።

ገንዘቤ፦ እንደዚያ ነው። ተሰጥኦ ነው። ማንንም ሰው አምጣልኝ፣ አንዴ አይቼው እንስሳውን ፊት ለፊቱ እነግረዋለሁ። አልፈራም።

ሙስአብ፦ [ትንሽ ያያታል። ከዚያ ወደ ስልኩ] እማማ፣ ባለሙያዋ እዚህ አጠገቤ ናት። ... አዎ፣ እሷ ናት የሠራችው። እኔ ምንም አላደረግሁም፣ እንስሳውን ያወጣችው እሷ ናት። ... አትጠይቅም እማማ። የሰውየውን ፊት አንዴ ታይና ምን እንስሳ እንደሆነ ትናገራለች። ፊት ለፊት ነው የምትናገረው፣ አትፈራም። ... የእርስዎንም? ... ደስ ይላታል እማማ። ... በቪዲዮ? አሁን? እሺ።

ገንዘቤ፦ ምንድነው የሚሉት?

ሙስአብ፦ ለእሳቸውም እንዲጠለፍላቸው ይፈልጋሉ። በዚያችው ባለሙያ።

ገንዘቤ፦ ፎቶ ያምጡና ቀስ ብዬ አየዋለሁ።

ሙስአብ፦ ፎቶ ዛሬ አሳስቶናል። ራሳቸው መጥተዋል።

[ስልኩን አዙሮ ገንዘቤ ፊት ይደቅነዋል። የእትዬ ዘሃራ ፊት የስልኩን መስታወት ሞልቶታል። ከኋላቸው ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው፣ ሀጀር ሻንጣዋን እንደያዘች ቆመው ያያሉ። ሙስአብ ቀስ ብሎ ቀና ይልና የአማቱን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ያያል። ከዚያ ገንዘቤን ያያል።]

ሙስአብ፦ በይ ገንዘቤ። እማማ እየጠበቁ ናቸው፣ እኛም እየጠበቅን ነው። ምን እንስሳ ናቸው?

ገንዘቤ፦ [ስልኩን ታያለች። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን አውሬዎች ከዳር እስከ ዳር ታያለች። ሙስአብን ታያለች። ወደ ስልኩ ጎንበስ ትላለች።] እትዬ ዘሃራ... አበባ ይወዳሉ?